ላፕቶፔ ዋይፋይ ሲከፈት ሰማያዊ ስክሪን እያወጣ አስቸገረኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሁፍና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የምሰራበት ላፕቶፕ 8 ጂቢ ራም፣ ዊንዶውስ 10 ሆም ነው። ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ዋይፋይ ከፍቼ ከበድ ያለ ፋይል ማውረድ ስጀምር ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል፣ በቀን አራት አምስቴ፣ ትናንትማ የአንድ ተማሪ መመረቂያ ጽሁፍ ሴቭ ሳላደርገው 6 ገጽ ሄደብኝ ልጁ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። የሚያሳየው ድራይቨር አይአርኪውኤል ኖት ሌስ ኦር ኢኳል ነው፣ ከስሩ ኤንዲአይኤስ ዶት ሲስ (የዊንዶውስ የኔትወርክ ፋይል) ይላል። ዋይፋዩን አጥፍቼ ሙሉ ቀን ስሰራ አንዴም አልዘጋም፣ ስለዚህ ራሙ ነው ያለኝን ሰው አላመንኩትም፣ ሜሞሪ ቴስትም ሌሊቱን ሙሉ አስኬጄ ምንም አላገኘም። ኮምቦልቻ ያለ ባለሙያ ፎርማት አደረገልኝ፣ 3 ቀን ደህና ሰርቶ አፕዴት ሲገባ ያው ሆነ። የዋይፋዩን ድራይቨር (ዋይፋዩን የሚያሰራውን ሶፍትዌር) ከዲቫይስ ማናጀር አጥፍቼ ሪስታርት ሳደርግ ዊንዶውስ ያንኑ መልሶ ይጭነዋል፣ ወደ ቀድሞው ድራይቨር የሚመልሰው ሮል ባክ የሚለው ደግሞ ደብዝዞ አይነካም። አሁን ከአምራቹ ሳይት የቆየውን ድራይቨር አውርጄ በፍላሽ ይዣለሁ፣ ግን ሆም ስለሆነ ጂፒኤዲት የሚባለው የዊንዶውስ ፖሊሲ ማስተካከያ የለውም። እሱን ከጫንኩ በኋላ አፕዴቱ የዋይፋዩን ድራይቨር ብቻ እንዳይቀይርብኝ በምን ልዝጋው?