ወርሃዊ ቡለቲን፣ ዐቢይ ጾም እና "ከመውጣቱ በፊት አሳየኝ" የሚል አለቃ

ቁጥር_አሳዳጅ፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች። አንድ የክልል መስሪያ ቤት ውስጥ ነው የምሰራው፣ ስሙን ልለፈው። በየወሩ አጭር የኢኮኖሚ ቡለቲን እናውጣ ተባለና ስራው እኔ ላይ ወደቀ። ውስጡ የሸቀጥ ዋጋ፣ የሲሚንቶ ሽያጭ፣ የመብራት ፍጆታ፣ አዲስ ንግድ ፈቃድ፣ የቄራ እርድ ምናምን አለ። ዳታው ክፉ አይደለም፣ ወደ ኋላ ስድስት ዓመት ይሄዳል፣ እዚህም እዚያም ቀዳዳ አለው እንጂ።

አሁን ወር ከወር ሳወዳድር ቁጥሩ ይዘልብኛል፣ ጾም ሲገባ እርዱ ዱብ ይላል ሚያዝያ ላይ ሰማይ ይነካል፣ አለቃዬ ደግሞ "ኢኮኖሚው ምን ሆኖ ነው?" ይለኛል። ምን ይሆናል፣ ሁዳዴ ነዋ። ለመገላገል ካምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ብቻ ላወዳድር ብዬ አሰብኩ፣ ይሄ ይበቃል ወይስ ሲዝናል አጀስትመንት የሚሉት (የጾም፣ የበዓልና የወቅት ተጽዕኖን ከቁጥሩ ማውጣት) ውስጥ ልግባ? ሌላው፣ አንዳንድ ወረዳ ሪፖርቱን የሚልከው እኛ ካወጣን በኋላ ነው፣ ያወጣሁትን ቁጥር ልቀይረው? አለቃዬ "አንዴ የወጣ ቁጥር ከተቀየረ መሳቂያ እንሆናለን" ባይ ነው። የሚወጣበት ቀን ደሞ የለውም፣ ሲያልቅ ይወጣል፣ ከመውጣቱ በፊት ለሦስት አራት ኃላፊ ይታያል፣ ከዛ "የዚህ ወር ለምን አይዘልም" የሚባል ነገር ይጀመራል። እንዲህ አይነት ስራ የሰራ ካለ ምን ታደርጋላችሁ?

ሰብለ_ኢኮን፦
"ካምናው ጋር ላወዳድር" ያልከው ላይ ልቁም፣ አይበቃም። የዘመን መቁጠሪያ አውጣና እየው። በ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር፣ ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2። ስለዚህ ነነዌንና ረቡዕ ዓርብን ትተን የካቲት 2016 ሙሉውን የፍስክ ወር ነው። በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለና ጾሙ የካቲት 17 ገባ፣ የካቲት ላይ 14 የጾም ቀን አረፈበት። በ2018 ደግሞ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፣ ጾሙ የካቲት 9፣ 22 ቀን ማለት ነው። እንግዲህ ሦስቱን የካቲቶች ደርድረህ "እርድ በተከታታይ ቀነሰ" ብለህ ብትጽፍ የጻፍከው ባሕረ ሐሳብ (የጾምና የበዓል ቀን ማስያ) ነው፣ ኢኮኖሚ የለበትም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በእኛ አቆጣጠር ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ውስጥ ስለሚውል፣ ሁሌ ሚያዝያ ላይ ነው ማለት ይቻላል፣ ምንም ችግር የለውም እያለ ነው። ግን በሬው፣ ዶሮው፣ ቅቤው፣ ሽንኩርቱ የሚገዛው ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ነው። ሚያዝያ 4 ፋሲካ ሲሆን የገበያው ግማሽ መጋቢት ውስጥ ገባ ማለት ነው፣ ሚያዝያ 27 ሲሆን ግን ሁሉም እዛው ሚያዝያ ላይ ይቀራል። ዋጋውም እንደዛው፣ በጾሙ የምስርና የዘይት፣ በበዓሉ የዶሮና የእንቁላል።

ለሲዝናል አጀስትመንቱ ሶፍትዌር ካልክ ነጻ አለ። የአሜሪካ ሴንሰስ ቢሮ ያዘጋጀው ኤክስ 13 አለ፣ የቤልጅየም ብሔራዊ ባንክ ከዩሮስታት ጋር ሆኖ ያወጣው ጄዲሜትራ ፕላስ አለ፣ እኔ ሁለተኛውን ነው የምወደው። ጄዲሜትራ የኦርቶዶክስ ፋሲካንም ማስላት ይችላል፣ ችግሩ የሚያስበው በፈረንጅ ወር ነው፣ ያንተ ዳታ ደግሞ በሐበሻ ወር የተዘጋ ነው። ስለዚህ በኤክሴል ራስህ ኮለም ስራ፣ በየወሩ ስንት የጾም ቀን አለ፣ ከፋሲካ በፊት ካለው ሳምንት ስንቱ ቀን በዚህ ወር ወደቀ፣ ያንን እንደ ማብራሪያ ቫርያብል አስገባው። ረመዳንንም አትርሳ፣ በየዓመቱ ወደ አስራ አንድ ቀን ይሸሻል። 2016 ላይ እንዳጋጣሚ ሁለቱም ጾሞች በአንድ ቀን ነው የገቡት፣ በዛ ዓመት ዳታ ብቻ የቱ የማን ውጤት እንደሆነ መለየት አትችልም፣ ሌሎቹ ዓመታት ናቸው የሚያወጡህ።

እና ያልተስተካከለውንም የተስተካከለውንም አውጣ፣ አንዱን ደብቀህ አንዱን ብቻ አታውጣ።

የገበያ_ሰው፦
ልጄ፣ ሶፍትዌሩ ጋ ከመድረስህ በፊት ዋጋው እንዴት እንደሚሰበሰብ ወርደህ እይ። እድሜዬን ዋጋ ስሰበስብ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ቲማቲም ጉልት ላይ የሚሸጠው በመደብ ነው። ባለጉልቷ ዋጋ ከመጨመር ከመደቡ ላይ ሁለት ፍሬ ማንሳት ይቀላታል፣ ደንበኛ አይሸሽማ። ፎርምህ ላይ የሚሞላው ብሩ ብቻ ከሆነ ታዲያ "ዋጋ አልተቀየረም" ብለህ ትልካለህ። ሚዛን ይዞ መሄድ ነው መፍትሄው፣ መደቡን ገዝቶ መመዘን፣ በኪሎ ማስላት። ዳቦም ያው ነው፣ ብሩ ቆሞ ግራሙ ይወርዳል። ጤፍ ላይ ነጩ ለብቻ፣ ሠርገኛው ለብቻ፣ ጥቁሩ ለብቻ ይሞላል፣ ሠርገኛ ሲጠፋ የነጩን ዋጋ እሱ ቦታ ላይ ከጻፍክ ጤፍ ተወደደ ብለህ ሀገር ታሸብራለህ። ቀኑም ቁም ነገር ነው፣ ባለፈው ወር በገበያ ቀን ሄደህ በዚህ ወር ጭር ባለበት ማክሰኞ ከሄድክ ሌላ ዋጋ ነው የምታገኘው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ዕቃው ሲጠፋ ያለፈውን ወር ዋጋ መድገም ነው። ወጣቶቹ ያዘወትሩት ነበር፣ አልፈርድባቸውም ተቆጣጣሪው ባዶ ሳጥን ካየ ይጮህባቸዋል። ግን ዋጋው ሦስት ወር ቀጥ ብሎ ይቆምና በአራተኛው ወር ዕቃው ሲመጣ ይፈነዳል፣ ጭማሪው ሁሉ በዛ ወር የመጣ ይመስላል። ዕቃው ከጠፋ ጠፋ ብለህ ሙላ፣ ከዛ ቢሮ ያለው ሰው የሚመሳሰሉት ዕቃዎች በሄዱበት መጠን ያስኬደዋል፣ የተገመተ ነው የሚል ምልክትም ያደርግበታል። ባዶ ሳጥን ነውር አይደለም።

ሜሪላንድ_ነኝ፦
የእትዬን ነገር እዚህ አሜሪካም አየነው። በፈረንጆቹ 2025 መንግስት ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ሲዘጋ የቢኤልኤስ (የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ) ዋጋ ሰብሳቢዎች ቤታቸው ተቀመጡ፣ የኦክቶበር የዋጋ ኢንዴክስ ሳይወጣ ቀረ፣ ሰንጠረዡ ላይ ባዶ ነው። ያ በጣም ትክክል ነበር፣ ያልሰበሰብከውን ከየት ታመጣለህ። የኖቬምበሩ ሲወጣ ግን የቤት ኪራይ ላይ ኦክቶበርን ምንም እንዳልጨመረ አድርጎ አስልቷል ብለው ብዙ ኢኮኖሚስቶች ተቹት፣ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎታል ብለው። እትዬ እንዳሉት ነው፣ ያለፈውን መድገም ቢሮ ቢለያይም ያው ጣጣ ነው።

ስለ ቀኑ ግን ለአለቃህ ይሄን ንገረው፣ እዚህ የዓመቱ ሙሉ የመውጫ ቀን ቀድሞ ይለጠፋል፣ ሰዓቱ ጭምር፣ ጠዋት 8:30 ላይ ለሁሉም እኩል። ቁጥሩ ቢያምርም ቢያስጠላም በዛ ቀን ይወጣል። ቀን ከሌለህ የዘገየ ቁጥር ሁሉ "እያስተካከሉት ነው" ይባላል፣ ባይነካም። እንግሊዝም ብትሄድ የስታቲስቲክስ ቢሮው ለሚኒስትሮች ቀድሞ ማሳየትን ከጁላይ 2017 ጀምሮ ጭራሽ አስቁሟል። አንተ ማስቆም ባትችል እንኳ ማን መቼ እንዳየው ቡለቲኑ ጀርባ ላይ በስም ሳይሆን በሥራ መደብ ጻፈው፣ ያኔ የሚያየው ሰው ራሱ ይቀንሳል ሃሃ።

አልተዋጠልኝም፦
ይሄን ሁሉ ለመስማት ደስ ይላል ግን መሬት ላይ ያለውን እንናገር እንጂ። ያው ሜሪላንድ የምትለው ቢኤልኤስ ኦገስት 1 ቀን 2025 የሜይንና የጁንን የስራ ቁጥር በ258 ሺህ ዝቅ አድርጎ ሲያርም ትራምፕ በዛው ቀን ኃላፊዋን አባረራት። እዛ ያ ከሆነ እዚህ አንድ የክልል ባለሙያ "ያለፈው ወር ቁጥር ተሳስቷል" ብሎ ሲያወጣ ምን ይሆናል? አለቃው ትክክል ነው፣ ሰው የተቀየረ ቁጥርን የሚያየው እንደ ውሸት ነው። ናይጄሪያን እዩ፣ ዲሴምበር 2024 ላይ 34.80 በመቶ የነበረ የዋጋ ንረት ጃንዋሪ 2025 ላይ 24.48 ሆነ፣ መነሻ ዓመትና ክብደት (እያንዳንዱ ዕቃ በስሌቱ ውስጥ ያለው ድርሻ) ቀየርን ተብሎ። ገበያ የሄደ ናይጄሪያዊ ምን እንዳለ ገምቱ። እኛም ጋ "የዋጋ ንረት ቀነሰ" ሲባል ሰው የሚስቀው ለዚህ ነው።

ሰብለ_ኢኮን፦
@አልተዋጠልኝም ሁለት ነገር ቀላቀልክ። ንረት ቀነሰ ማለት ዋጋ ቀነሰ ማለት አይደለም፣ ጭማሪው ዘገየ ነው፣ ይሄን ሺ ጊዜ ብንለው አይሰለችም መሰለኝ። የናይጄሪያው ደሞ እርማት አይደለም፣ ቅርጫቱ (ዋጋቸው የሚለካው ዕቃዎች ዝርዝር) ራሱ ተቀይሯል፣ አዲሱን ከድሮው ጎን አስቀምጠህ "34ቱ ወደ 24 ወረደ" ማለት ነው ስህተቱ። እንዲህ አይነት ለውጥ ከወራት በፊት ይነገራል፣ አሮጌውና አዲሱ ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን ይወጣሉ፣ ወደ ኋላም ይያያዛሉ። በነገራችን ላይ እኛም ጋ ሲመጣ ይሄው ጫጫታ ይጠብቀናል፣ የኛ የዋጋ ኢንዴክስ ለዓመታት የሄደው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2016ን 100 ብሎ ነው፣ ምግብ ብቻውን ከግማሽ በላይ ክብደት ይዞ።

የአሜሪካውም ቢሆን እርማቱ የመጣው ከተደበቀ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ግምት ሲወጣ ሁሉም ቀጣሪ መልስ አልላከም፣ ስለዚህ ያ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንደሚታረም ከመጀመሪያው የታወቀ ነው፣ ሰውየው ስላልወደደው ነው የተባረረችው። የማይታረም ቁጥር ከፈለግክ አርጀንቲና ነበረልህ፣ ከፈረንጆቹ 2007 ጀምሮ የስታቲስቲክስ ተቋማቸው ውስጥ መንግስት እጁን አስገብቶ የዋጋ ንረቱን ዝቅ አድርጎ ሲያወጣ ኖረ፣ መጨረሻ ላይ አይኤምኤፍ በፌብሩዋሪ 2013 በይፋ ወቀሳቸው፣ ወቀሳው በ2016 የተነሳላቸው መንግስት ተቀይሮ ስታቲስቲክሱ ከተስተካከለ በኋላ ነው። እስከዛ ድረስ ያንን ቁጥር ማን አመነው?

አልተዋጠልኝም፦
እሺ አርጀንቲናን ልቀበል። ግን ከላይ የሚጮህበት እሱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም 😅

ሰብለ_ኢኮን፦
እሱስ ልክ ነህ። ለዛ ነው ደንቡን ከቁጥሩ በፊት አውጣ የምለው። @ቁጥር_አሳዳጅ የመጀመሪያው ቡለቲን ሳይወጣ አንድ ገጽ ጽፈህ አስፈርም፦ ይሄ ቁጥር ሲወጣ ጊዜያዊ ነው፣ በሚቀጥለው ወር የዘገዩ ወረዳዎች ገብተው ይታረማል፣ ዓመት ሲያልቅ ደግሞ ከዓመታዊው ሪፖርት ጋር ይታረቃል፣ ከዛ በኋላ አይነካም፣ ከዚህ ውጭ ስህተት ከተገኘ በግልጽ ይጻፋል። ጊዜያዊ የሆነው ላይ ኮከብ አድርግበት። አንዴ አለቃህ ከፈረመበት እርማቱ የመርሐ ግብር ጉዳይ ነው፣ ያንተ ጥፋት መሆኑ ይቀራል። ሲታረም ደሞ በስንት እንደተቀየረ አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አሳይ፣ አንዳንዱ መስሪያ ቤት ፒዲኤፉን በዝምታ ቀይሮ ይጭናል፣ ያ ነው የሚያስጠላው። በየጊዜው እርማቱ ሁሌ ወደ ላይ ከሆነ ደሞ ራሱ መረጃ ነው፣ ሁሌ የሚዘገዩት ትልልቆቹ ወረዳዎች ሊሆኑ ይችላሉ፣ የመጀመሪያ ግምትህን እሱን አስበህ ስራው።

ቁጥር_አሳዳጅ፦
ኧረ በጣም አመሰግናለሁ። እትዬ የገበያ ሰው፣ እርስዎ ያሉትን የመደብ ነገር ነገ ጠዋት ለሰብሳቢዎቹ አነሳዋለሁ፣ ፎርማችን ላይ የግራም ሳጥን ጭራሽ የለም። ዝርዝሩን አይቼ ደግሞ አንድ ዘይት ለወራት ሳንቲም ሳትነቃነቅ ቆማ አገኘኋት፣ አሁን ገባኝ ለምን እንደሆነ። የደንቡን ገጽ እጽፋለሁ፣ ሰውየው ይፈርም አይፈርም እናያለን።

አንድ የቀረችኝ፣ ጳጉሜን ምን ላድርጋት? አሁን የሲሚንቶና የመብራት ሪፖርት ላይ ነሐሴ ውስጥ ነው የሚደምሯት።

የገበያ_ሰው፦
ዋጋ ላይ ችግር የለባትም ልጄ፣ ዋጋ በሚሰበሰብበት ቀን ያለው ነው። አንተን የምታስቸግርህ የሚደመረው ነገር ላይ ነው።

ሰብለ_ኢኮን፦
እትዬ እንዳሉት። የኛ ወር ደግነቱ ሁሉም 30 ቀን ነው፣ ፈረንጆቹ 28ና 31 እያሉ የሚጨነቁበት ነገር የለብንም፣ ግን ጳጉሜን ነሐሴ ላይ ስትደምራት ነሐሴ 35 ቀን ሆነ ማለት ነው፣ ምንም ሳይፈጠር ወደ 17 በመቶ አደገ፣ በስድስት ቀኗ ዓመት ደሞ 20 በመቶ። መስከረም ላይ መልሶ "ይወድቃል"። ድምሩን እንዳለ ተወው ከዓመታዊው ጋር እንዲታረቅ፣ ለማወዳደሪያው ግን በቀን አማካይ አካፍለህ አውጣ፣ ነሐሴን ለ35 ወይ ለ36 ሌላውን ለ30። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በየአራት ዓመቱ ነው፣ 2015 ላይ ነበረች፣ ቀጣይዋ 2019 ናት፣ ፎርሙላው ውስጥ 35ን በእጅህ እንዳትጽፈው ከዓመተ ምሕረቱ እንዲያሰላው አድርግ።