የኦርኪዴ ቅጠል ተጨማደደ፤ ውሃ ልጨምር ወይስ ልቀንስ?

ጀማሪዋ፦ አዲስ አበባ ነኝ። ፋላኖፕሲስ የሚባለውን ኦርኪድ በስጦታ አግኝቼ በየሁለት ቀኑ ውሃ አጠጣዋለሁ። አበባው ረገፈ፣ ቅጠሉም ተጨማደደ። ሥሩ ውሃ በሚይዝ የደረቀ ሣር መሰል ነገር ተጠቅልሏል፤ የሸክላ ማስቀመጫው ቀዳዳ የለውም። አፈር ልጨምርለት?

የረንዳው፦ አፈር በፍጹም! ይሄ ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ተክል ነው፤ ሥሩ አየር ካላገኘ ይታፈናል። ቅጠል ውሃ ሲያንስም ሥር ሲበሰብስም ይጨማደዳል፤ የበሰበሰ ሥር ውሃ አይስብምና። ስለዚህ አውጥተሽ ሥሩን ጫን ጫን አድርጊው። ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ ሆኖ ከተልፈሰፈሰ፣ ልጣጩም ሲሳብ ወልቆ ክር ብቻ ከቀረ ሞቷል፤ በአልኮል በተወለወለ መቀስ ቁረጪው። በየሁለት ቀኑ ስታጠጪው ስለነበር ብዙው በስብሶ እንደሚገኝ ጠብቂ።

ሰብሊ፦ ለመትከያ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የተሰባበረ የፓይን ዛፍ ቅርፊት 4 እጅ፣ ታጥቦ አመዱ የለቀቀ ከሰል 1 እጅ። ቅርፊቱን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው። ከታች በደንብ የተበሳ፣ ሥሩን ልክ የሚይዝ ግልጽ ፕላስቲክ ምረጪ፤ ሰፊ ከሆነ መሃሉ ሳይደርቅ ይቆያል። ከተከልሽው በኋላ ቁስሉ እንዲደርቅ 3 ወይም 4 ቀን አታጠጪው። ቁስሉ ላይ ቀረፋ ነስንሱ የሚሉ አሉ፤ ጤነኛውን ሥር ስለሚያደርቅ ባይነካው ይሻላል።

ጀማሪዋ፦ እሺ፣ ከዚያ በስንት ቀን ላጠጣ?

የረንዳው፦ ቀን አትቁጠሪ፣ ሥሩን እዪ። አረንጓዴ ከሆነ ገና እርጥብ ነው፤ እንደ ብር ሲነጣ አጠጪው። ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ ይሆናል፣ በክረምት ይዘገያል። ጠዋት ከነፕላስቲኩ 10 ደቂቃ ውሃ ውስጥ አቁሚው፣ አንጠፍጥፊው፣ ከዚያ ወደ ሸክላው መልሺው። ቅጠሎቹ የሚገናኙበት መሃል ላይ ውሃ ከገባ በሶፍት አድርቂው፤ ሌሊቱን ካደረ ተክሉን ከመሃሉ ይገድለዋል።

አባ ጓሮ፦ ብርሃኑን አትርሺ፤ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ጥሩ ነው፣ የቀትሩ ግን ቅጠሉን ያቃጥላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከመስታወቱ አርቂው፣ ከ15 ዲግሪ በታች አይመቸውም። ማዳበሪያ አዲስ ሥር እስኪያወጣ አይሰጥም፤ ከዚያ 20-20-20 የሚል የተጻፈበትን (ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም እኩል የሆኑበትን) በማሸጊያው ከተጻፈው ሩብ መጠን በየ15 ቀኑ። ሌላ ልትገዢ ካሰብሽ ሲምቢዲየም የሚባለውን የኦርኪድ ዓይነት ፈልጊ፤ የአዲስ አበባን ብርድ ይወደዋል፣ እንዲያውም ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ካላገኘ አያብብም።

ጀማሪዋ፦ አበባው የረገፈበትን ዘንግስ ልቁረጠው?

ሰብሊ፦ ሥሩ ከተጎዳ አዎ፣ ከግርጌው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርተሽ። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ከታች ሦስተኛው አንጓ በላይ ቆርጠሽ ቅርንጫፍ መጠበቅ ይቻል ነበር፤ አሁን ግን ጉልበቱን ለሥር ያውለው።