ክርክር፦ ለክትትል ሲኬድ የትዳር ጓደኛ አብሮ ይግባ ወይስ ውጭ ይጠብቅ?

ከደብረ ብርሃን፦
ስኳር፣ ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ለክትትል ሲሄድ ባለቤቱ አብሮ ሐኪም ፊት ይግባ? ሰፈራችን ቡና ላይ ተነስቶ እስካሁን አልበረደም። ግማሹ ግዴታ ይሁን ይላል፣ ግማሹ የሰው ገመና ነው ይላል። እኔ ይግባ ባይ ነኝ። ባሌ የስኳር መርፌ ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። በየቀጠሮው እሱ ይገባል፣ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ አግዳሚው ላይ እጠብቃለሁ። "ምን አሉህ?" ስለው "ደህና ነው" ይለኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ ደህና ነው! አምና ክረምት ግን አንድ ሌሊት ከእንቅልፉ ተነስቶ ይቆጣኝ ጀመር፣ ያላልኩትን አልሽ ይለኛል፣ በዚያ ብርድ ካናቴራው በላብ ርሶ ተጣብቆበታል፣ እኔ ደግሞ ነገር የፈለገኝ መስሎኝ አኩርፌ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ምላሱ ሲተሳሰር ነው የደነገጥኩት። ለካ ስኳሩ ወርዶ ነው። ስኳር ሲወርድ ሰው እንደሚያልበው፣ እንደሚንቀጠቀጥ፣ እንደሚነጫነጭ የነገረኝ የለም። ጎረቤታችን ነርስ ባትሆን ምን እሆን ነበር?

ከመሐል ሜዳ፦
እህቴ፣ እንኳን ተረፈልሽ። ግዴታ የሚለውን ግን አልቀበልም። እኔ ግፊት አለብኝ። ሚስቴን ይዤ የገባሁ ቀን ሐኪሙ እኔን ትቶ ለሷ ያወራ ጀመር። "ጨው ቀንሺለት፣ አረቄ አታስነኪው" አላት። ከዚያ ወዲህ ማኅበር ላይ ጠላ ሲቀዳ ገና እጄን ሳልዘረጋ "እሱ አይጠጣም" ትላለች። እውነቷን ነው። ግን እኔ አፍ የለኝም? ግፊቱን ለምጄዋለሁ። እንደ ልጅ መቆጠሩን ግን አልቻልኩም።

ነርስ ነኝ፣ ከሸዋ ሮቢት፦
ግዴታ አይሆንም፣ የታካሚ ምስጢር ያለ ፈቃዱ አይወጣም። እኔ ታካሚውን ለብቻው ነው "ባለቤትህን ልጥራት?" የምለው። እምቢ ሲሉ ምክንያት አላቸው። ስኳር ሲቆይ ስንፈተ ወሲብ ሊያመጣ ይችላል፣ አንዳንድ የግፊት መድኃኒትም እንደዚሁ። ባል አፍሮ ይደብቃል፣ መኝታ ይለያል፣ ሚስት ደግሞ ሌላ ሴት ይዟል ብላ ታለቅሳለች። ይህ እኮ ቢነገር ሕክምና ያለው ነገር ነው።
የደብረ ብርሃኗ እህቴ፣ ስኳሩ ሲለካ ከ70 (mg/dL) በታች ከወረደና መዋጥ ከቻለ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አጠጪው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ለኪው። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም እንዳታደርጊ፣ ትን ይለዋል። ወዲያው ወደ ሕክምና ውሰጂው።

ከደብረ ሲና፦
ሁላችሁም ታማሚው ባል እንደሆነ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። ታማሚዋ እኔ ነኝ፣ የልብ ሕመም አለብኝ። ሐኪሜ "ሳታማክሪኝ እንዳታረግዢ" ብሎኛል። አማቴ ግን በየበዓሉ "ልጁስ?" ይሉኛል። ባሌ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ዝም። ቤት ስነግረው "አንቺ ደግሞ ትፈሪያለሽ" ነበር መልሱ። ባለፈው ፋሲካ ማግስት እጁን ይዤ አስገባሁት። ሐኪሙ የልቤን ምስል እያሳየ አስረዳው። ሲወጣ አልተናገረም፣ ቦርሳዬን ብቻ ተቀብሎኝ ዳገቱን ቀስ ብሎ ወጣ። በቀጣዩ በዓል እናቱ ሲጠይቁ መልሱን የሰጠው እሱ ነው።

ከመሐል ሜዳ፦
እህቴ፣ ልቤን ነካሽው። ያንቺ ባል ሰምቶ ላንቺ ተናገረልሽ። የኔዋ ሰምታ በኔ ፋንታ ተናገረች። እኔ የምለው እዚህ ላይ ነው፣ ትግባ፣ ግን ሐኪሙም እሷም እኔን ያናግሩኝ።

ከደብረ ብርሃን፦
የጻፋችሁትን ለባሌ አነበብኩለት። የመሐል ሜዳው ወንድሜ ጋ ስደርስ "ድገሚልኝ" አለኝ። ቀጠሮው ሐሙስ ነው። "ግቢ፣ ግን መጀመሪያ እኔ ልናገር" ብሎኛል። እሺ ብያለሁ።