ሁለት ነገሮች ተነካኩ ስንል አቶሞቹ ምን ሆኑ ማለት ነው?

ግራ የገባው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ላይ «በሕይወትህ ምንም ነገር ነክተህ አታውቅም» ሲባል ሰማሁ። ምክንያቱ ምንድነው ሲባል፣ የእጅህና የጠረጴዛው ኤሌክትሮኖች ስለሚገፋፉ ሁሌም መሃል ላይ ክፍተት አለ፣ ወንበር ላይ ስትቀመጥም እንደ እውነቱ ተንሳፍፈህ ነው ይላል። መጀመሪያ ገረመኝ፣ ቆይቼ ሳስበው ግን አልዋጥልህ አለኝ። ካልነካሁት እጄን ምን አቆመው? ክፍተቱስ ስንት ነው? ደግሞ አቶም ራሱ ባዶ ነው ይሉናል፤ ታዲያ ባዶው በባዶው ውስጥ ለምን ሹልክ ብሎ አያልፍም?

የማታ ተማሪ፦
የቪዲዮው ችግር አቶምን እንደ ጠጣር ኳስ አድርጎ መነሳቱ ነው። ኳስ ገጽ አለው፣ ከሌላ ኳስ ጋር ገጠመ ወይም አልገጠመም ማለት ይቻላል። አቶም ግን ገጽ የለውም። መሃሉ ላይ ኒውክለስ አለ፣ ዙሪያውን የኤሌክትሮን ደመና አለ፣ ደመናው ከመሃል በራቅህ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል እንጂ እዚህ ጋ አለቀ የሚባልበት ጠርዝ የለም። ጠርዝ ከሌለ ክፍተቱ ከምን እስከ ምን ሊለካ ነው? መለካት የሚቻለው ከአንዱ ኒውክለስ እስከ ሌላው ያለው ርቀት ነው።

አሁን ሁለት አቶሞችን ቀስ እያልክ አቀራርብ። ገና ራቅ ብለው ሳሉ በትንሹ ይሳሳባሉ። አዎ፣ ይሳሳባሉ፤ ይህን ቪዲዮው አይነግርህም። የአንዱ ደመና ለቅጽበት ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል የጎረቤቱንም ያስጋድለዋል፣ ከዚያ የሚመጣው ደካማ መሳሳብ የቫን ደር ዋልስ ኃይል ይባላል። ይበልጥ ሲቀርቡ ደመናዎቹ መደራረብ ይጀምራሉ፣ ያኔ መገፋፋት ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ከመሳሳቡ እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ነው የሚያድገው። ሁለቱ የሚመጣጠኑበት ርቀት አለ። እኔ መነካካት የምለው እዚያ ሲደርሱ ነው።

ቁጥር ከፈለግክ ካርቦንን ውሰድ። እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት የተነባበሩ ንጣፎች ነው። አንድ ንጣፍ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ አቶሞች ከመሃል እስከ መሃል 0.142 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) ይራራቃሉ። ከአንዱ ንጣፍ እስከ ቀጣዩ ግን 0.335 ናኖሜትር ነው። የመጀመሪያው ኬሚካዊ ትስስር ነው፣ ሁለተኛው መነካካት ብቻ ነው። ስትጽፍ ንጣፎቹ በቀላሉ የሚላጡት ለዚህ ነው። ወንበሩ ላይ ተንሳፍፈሃል ካልን እንግዲህ የግራፋይቱ ንጣፎችም ተንሳፈፉ፣ በገዛ ሰውነትህ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎችም እርስ በርስ ተንሳፈፉ ልንል ነው። እንዲህ የሚባል ነገር ምን ይጠቅማል?

ስፒን፦
ከላይ ያለው ትክክል ነው፣ ግን ዋናው ነገር ቀርቷል፤ መገፋፋቱ ከየት መጣ? «ኤሌክትሮን ኤሌክትሮንን ስለሚገፋ» ብቻ ማለት አይበቃም። አቶም በጥቅሉ ቻርጅ የለውም። የአንዱ ኤሌክትሮን የሌላውን ኤሌክትሮን ቢገፋም የሌላውን ኒውክለስ ደግሞ ይስባል።

ሁለት የሃይድሮጂን አቶሞችን አስብ። የኤሌክትሮኖቻቸው ስፒን (ኤሌክትሮን በተፈጥሮው ያለው፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብቻ ሊሆን የሚችል ባህርይ) ተቃራኒ ከሆነ ተያይዘው ሞለኪውል ይሆናሉ፣ ርቀታቸውም ወደ 0.074 ናኖሜትር ይወርዳል። ስፒናቸው አንድ ዓይነት ከሆነ ግን ይገፋፋሉ። ቻርጁ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው! ልዩነቱን ያመጣው የፊዚክስ ሊቁ ቮልፍጋንግ ፓውሊ እ.ኤ.አ. በ1925 ያስቀመጠው መርህ ነው፤ ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ዓይነት የኳንተም ሁኔታ ሊጋሩ አይችሉም፣ ማለትም ስፒናቸው አንድ ከሆነ አንድ ዓይነት ደመና መያዝ አይችሉም። ደመናዎቹ ሲደራረቡ ኤሌክትሮኖቹ ከፍ ወዳለ ኢነርጂ ለመሄድ ይገደዳሉ፣ ያንን ኢነርጂ ከየትም ሳይሆን ከሚገፋው እጅህ ነው የሚወስዱት። አንተ «ጠጣር ነው» የምትለው ይሄንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ፍሪማን ዳይሰን እና አንድሩ ሌናርድ ያለዚህ መርህ ቁስ አካል ተረጋግቶ መቆም እንደማይችል በሂሳብ አሳይተዋል።

«አቶም ባዶ ነው» የሚለውንም ብትተወው ይሻላል። ኒውክለሱ በስፋቱ (ከዳር እስከ ዳር) ከአቶሙ በ100,000 እጥፍ ገደማ ያንሳል፣ ልክ ነው። ግን የቀረው ቦታ ባዶ ሳይሆን ኤሌክትሮኖቹ የያዙት ነው።

ግራ የገባው፦
እሺ በጣም ግልጽ ሆነልኝ፣ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሁለት ብረት ሳነካካ ያ መሳሳብ የታለ? ለምን ተጣብቀው አይቀሩም?

ሰበቃ፦
ምክንያቱም አብዛኛው ክፍላቸው እውነትም አልተነካካም 😄። እዚህ ላይ ቪዲዮው ሳያስበው ግማሽ እውነት ተናግሯል። ለዓይን ለስላሳ የሚመስል ብረት በአቶም ደረጃ ጉብታና ጎድጓዳ ነው። ሁለቱን ስታገጥም የሚገናኙት ጥቂት ጉብታዎች ጫፍ ለጫፍ ነው፣ የቀረው ቦታ ላይ መሃሉ አየር ነው። ጫን ስትል ጉብታዎቹ ይደፈጠጡና እውነተኛው የንክኪ ስፋት ይጨምራል። ሰበቃ በክብደቱ ልክ የሚያድገው፣ ዕቃውን በሰፊው ጎኑ አስተኛኸው በጠባቡ አቆምከው ግን ብዙም ለውጥ የማይኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ደግሞ ቆሻሻ ነው። ብረት አየር ላይ ሲቆይ ኦክሳይድ (ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ስስ ሽፋን) ይሸፍነዋል፣ በላዩ ላይ እርጥበትና ቅባት አለ፣ ስለዚህ የተገናኙት ሽፋኖቹ ናቸው እንጂ ብረቶቹ አይደሉም። አየር በሌለበት ንጹሕ የሆኑ ሁለት ገጾችን ብታገጥም ያለ ምንም ሙቀት ይጣበቃሉ፣ ቀዝቃዛ ብየዳ ይባላል። ጠፈር ላይ ለሚሄዱ ማሽኖች ራስ ምታት ነው። ወርቅ ኦክሳይድ ስለማይሠራ እንዲህ ለመጣበቅ በጣም ይቀናዋል።

የማታ ተማሪ፦
መሳሳቡን ደግሞ በመሣሪያ መለካት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠራው የአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ በጣም የሾለ ጫፍ ያለው፣ እንደ ስፕሪንግ የሚታጠፍ ስስ ዘንግ አለው። ጫፉን ወደ ገጹ ስታወርደው መጀመሪያ ወደ ታች ይጎተታል፣ ትንሽ ሲቀረው በድንገት ዘሎ ይለጠፋል። ከዚያ ብትገፋው ዘንጉ ወደ ላይ ይታጠፋል። መልሰህ ስታነሳው ደግሞ ወዲያው አይላቀቅም፣ ከመጀመሪያው ቦታ አልፈህ ስበህ ነው ድንገት የሚለቅህ። አየር ላይ ከሆነ እርጥበቱም ያግዘዋል፣ ግን አየር በሌለበትም ይሄው ነው የሚታየው።