አባቴን «የልብ ጥናት ውስጥ ግባ» ብለውታል፤ ምን ልበለው?

የወሎዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 74 ዓመቱ ነው፤ ከደሴ ከመጣ ሰባት ዓመት ሆነው። የልብ ድካም አለበት። ከዚያ ላይ ሚትራል የሚባለው የልቡ ቫልቭ በደንብ አይገጥምም፣ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል ተብሏል። እግሩ ያብጣል፣ ሌሊት ሦስት ትራስ ካልደረበ እንቅልፍ የለም። ደረቱ ተከፍቶ ቀዶ ጥገና እንዲደረግለት ደግሞ ሰውነቱ አይችልም አሉን።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ስለ አንድ ጥናት ነገረን። ገሚሱ ታማሚ በብሽሽት በኩል በቀጭን ቱቦ ተገብቶ የቫልቩን ሁለት ክንፎች የሚያያይዝ ክሊፕ ይደረግለታል፤ ገሚሱ ደግሞ በቱቦ የሚገባ አዲስ ሙሉ ቫልቭ። ማን የትኛውን እንደሚያገኝ ኮምፒውተር ዕጣ ያወጣል፣ ሐኪሙም አይመርጥም። 22 ገጽ ወረቀት በእንግሊዝኛ ሰጡን። ያን ቀን ለአባቴ ያስተረጎመለት የ19 ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ።

አባዬ ቤት እንደገባ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ፣ መሞከሪያ ሊያደርጉኝ ነው?» መልስ አጣሁ። በእርግጥ ምን ማለት ነው ጥናት ውስጥ መግባት? ከገባ በኋላ ሐሳቡን ቢቀይርስ? አንድ ነገር ቢሆን ማን ይከፍላል? ያለው ሜዲኬድ ነው፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን። የምታውቁ እርዱኝ።

የአትላንታው

እህቴ፣ ባታስገቢው ይሻላል። ታስኪጊን አንብቢ። አላባማ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን ሲከታተሉ፣ ቂጥኝ የያዛቸውን ሰዎች በሽታቸውን በግልጽ ሳይነግሯቸው፣ ፔኒሲሊን ከተገኘም በኋላ ሳያክሟቸው ነው 40 ዓመት ያለፈው። አባትሽ የጠየቀው ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እንግሊዝኛ የማይችል ጥቁር ሽማግሌ 22 ገጽ አስፈርሞ ማስገባት እኔን ያስፈራኛል።

ሲስተር መ. (ሚኒያፖሊስ)

የወሎዋ፣ እንኳን ጠየቅሽ። የልብ ጥናቶች ላይ አስተባባሪ ነርስ ሆኜ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የአትላንታው ያነሣው እውነት ነው፣ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። የዛሬው ሕግ የወጣውም ያ ጉድ ከተጋለጠ በኋላ ነው። አሁን እንዲህ ያለ ጥናት ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ መርምሮ ማጽደቅ አለበት፤ ከኮሚቴው አባላት ቢያንስ አንዱ ከተቋሙ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰው መሆን አለበት። ታማሚው ፈርሞም ቢሆን በማንኛውም ቀን «በቃኝ» ቢል የተለመደ ሕክምናው አይቀርበትም። ግን ልብ በዪ፤ ክኒን ይቆማል፣ ቫልቭ አንዴ ከገባ «አውጡልኝ» አይባልም። እንዲህ ባለ ጥናት መውጣት ማለት ቀሪውን ክትትል መተው ማለት ነው። አባትሽ ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ዕጣው ለምን አስፈለገ? ሐኪሞቹ የትኛው እንደሚሻል ስለማያውቁ ነው። እንደ ምሳሌ ክሊፑን ራሱን ላንሣልሽ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ጥናቶች ተከታትለው ወጡ። ሚትራ-ኤፍአር የተባለው ፈረንሳይ ውስጥ 304 ሰዎች የተሳተፉበት ነው፤ ክሊፕ የተደረገላቸውና መድኃኒት ብቻ የወሰዱት በአንድ ዓመት ውስጥ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳዩም። ኮአፕት የተባለው ደግሞ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 614 ሰዎች የገቡበት ነው። እዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 46 ሞቱ፣ ክሊፕ ከተጨመረላቸው ከመቶ 29። ያው ክሊፕ፣ ያው የልብ ድካም! ብዙ ሐኪሞች ልዩነቱን የሚያዩት በሰዎቹ አመራረጥ ላይ ነው። ኮአፕት የገቡት ቫልቫቸው በብርቱ የሚያፈስ፣ ልባቸው ግን ከልክ በላይ ያልሰፋ ነበሩ፤ መድኃኒታቸውም አስቀድሞ በሚገባ ተስተካክሎ ነበር። ክሊፑ በልብ ድካሙ ምክንያት ቫልቩ ለሚያፈስበት ታማሚ እዚህ አገር የተፈቀደው በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2019 ነው።

ስለዚህ ሐኪሙን እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፤ የአባቴ ቫልቭ የሚያፈሰው ቫልቩ ራሱ ተበላሽቶ ነው ወይስ ልቡ ሰፍቶ ክንፎቹን ስላራራቃቸው? የልብ ድካም መድኃኒቶቹስ ከዚህ በላይ ሊስተካከሉ አይችሉም ወይ? ሁለተኛውን ጥያቄ እንዳትተዪው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ሜዲኬር (የአረጋውያኑ የመንግሥት መድን) ከ2000 ጀምሮ፣ ሜዲኬድ ደግሞ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ብቁ የሆነ ጥናት ውስጥ ያለ ሰው የተለመደ ሕክምናውን ወጪ ይሸፍናሉ። ለጥናቱ ብቻ ተብሎ የሚሠራውን ምርመራ ማን እንደሚከፍል ወረቀቱ ላይ ፈልጊ። ጉዳት ቢደርስ ካሣ ይከፈል የሚል የፌዴራል ግዴታ የለም፤ ግን ካሣም ሆነ ሕክምና ይኖር አይኖር እንደሆነ በወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ያንን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቢው።

ከሁሉ በፊት ግን ወንድምሽ ያስተረጎመውን ስምምነት እንደ ስምምነት አትቁጠሪው።

የዳላሱ

የእኔ አባት የልብ ድካም ክኒን ጥናት ውስጥ ሁለት ዓመት ቆየ። ከሐኪሞቹ ጋር ተስማምቶ ነበር፣ ክትትሉም ከመደበኛው ቀጠሮ ይበልጥ ጥብቅ ነበር፤ በየሦስት ወሩ የደም ምርመራ፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ)፣ የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ። የማልረሳው ቅሬታ ግን አለኝ። ጥናቱ ሲያልቅ ክኒኑም እንደሚያልቅ ማንም በግልጽ አልነገረንም። አንድ ቀን ሄድን፣ ጠርሙሱን ወሰዱ፣ አለቀ። አባቴ ተጣልኩ መሰለው። እህቴ፣ ከጥናቱ በኋላ ማን እንደሚከታተለው አሁን ጠይቂ። የፓርኪንግና የመንገድ ወጪ ይመልሱ እንደሆነም ጠይቂ፤ ለእኛ ተመልሶልናል፣ ግን የጠየቅነው ከስድስት ወር በኋላ ነበር።

አንድ ነገር እኔም ልጠይቅ፤ አባቴ የወሰደው እውነተኛው ይሁን መድኃኒት የሌለበት ባዶው ክኒን እስከ ዛሬ አናውቅም። ባዶውን ለታመመ ሰው መስጠት እንዴት ተገቢ ይሆናል?

ሲስተር መ.

የዳላሱ፣ አባትህ የተሰማው ስሜት የእኛ ስህተት ነው፤ በሙያዬ ስም አዝናለሁ። ባዶው ክኒን የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በነበረው መድኃኒት ላይ ተጨምሮ ነው። ዳፓ-ኤችኤፍ በተባለው በ2019 በወጣው ጥናት 4,744 ሰዎች ሁሉም የልብ ድካም መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነው ገሚሱ ዳፓግሊፍሎዚን፣ ገሚሱ ባዶ ክኒን የተጨመረላቸው። በልብ ምክንያት የሞቱት ወይም የልብ ድካማቸው የባሰባቸው ባዶውን ከወሰዱት ከመቶ 21፣ ዳፓግሊፍሎዚን ከወሰዱት ከመቶ 16 ነበሩ። ዛሬ ያ ክኒን በየፋርማሲው አለ። የትኛውን እንደወሰደ ደግሞ ጥናቱ ካለቀና ውጤቱ ከወጣ በኋላ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ የነበራችሁበትን የጥናት ቡድን ደውለህ ጠይቅ።

ባዶውን መስጠት እንዴት ተገቢ ይሆናል ላልከው፣ የልብ ምት መዛባትን የሚያስተካክሉ ተብለው ልባቸው ደም አጥቶ ለተጎዳ ሰዎች ሲታዘዙ የነበሩ ክኒኖች ነበሩ። ምቱን በእርግጥ ያስተካክሉ ነበር። ካስት የተባለው ጥናት ከባዶ ክኒን ጋር ሲያነጻጽራቸው ግን ክኒኑን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63 ሞቱ፤ ባዶውን ከወሰዱት 743 ሰዎች 26። በ1989 ነው ያስቆሙት። ሐኪም ሁሉ በቅን ልብ ሲያዝዘው የነበረ መድኃኒት ነው።

ከአዲስ አበባ

የወሎዋ፣ «አዲስ» የሚለው ቃል እንዳያማልልሽ ከቤቴ አንድ ነገር ልንገርሽ። እናቴ ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር፤ በኋላ ቫልቧን ጎዳው፣ ሪውማቲክ የሚሉት ነው። የልብ ምቷም ስለተዛባ ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። በየጊዜው አይኤንአር (ደሙ ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ) መለካት፣ ጎመን አንድ ቀን ብዙ አንድ ቀን ምንም ላለመብላት መጠንቀቅ፣ ከሩቅ ለሚመላለስ ሰው ስቃይ ነው። እስራኤል ያለችው አክስቴ «ሪቫሮክሳባን የሚባል አዲስ መድኃኒት አለ፣ ምርመራ የለው ጎመን መከልከል የለው፣ እልካለሁ» አለች። ደስ አለን።

የእናቴ ሐኪም ግን እንቢ አሉ። ኢንቪክተስ የሚባል ጥናት ልክ እንደ እናቴ ባሉ ሰዎች ላይ በ24 የአፍሪካ፣ የእስያና የላቲን አሜሪካ አገሮች ተሠርቶ በ2022 ወጥቷል። አዲሱን ከወሰዱት 2,275 ሰዎች 560 ሞቱ ወይም ስትሮክ የመሰለ ከባድ ነገር ገጠማቸው፤ እንደ ዋርፋሪን ያለውን የቆየውን መድኃኒት ከወሰዱት 2,256 ሰዎች ግን 446። አሮጌው በለጠ። ሪውማቲክ ባልሆነ ሰው ላይ የተሠራውን ጥናት ይዘን ቢሆን ኖሮ እናቴን በፍቅር እንጎዳት ነበር። ያን ጥናት የገቡት ሰዎች ናቸው እናቴን ያተረፉልኝ፤ ዕጣ የወጣባቸው ሰዎች። ሁልጊዜ አስባቸዋለሁ።

የአትላንታው

ከአዲስ አበባ የጻፍሽው ልቤን ነካው። እኔ «አይግባ» ያልኩት አባትየው ምን እንደሚፈርም ስለማያውቅ ነው። ካወቀ ሌላ ነገር ነው።

አስተርጓሚ (ሲያትል)

ሆስፒታል ውስጥ ሳስተረጉም 16 ዓመቴ ነው። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የወሎዋ፣ ወንድምሽን አልወቅሰውም። እኛ መርዶን እንኳ በጠዋት፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየውን ደግፈን ነው የምንናገረው። የ19 ዓመት ልጅ አባቱን ፊት ለፊት እያየ «ልትሞት ትችላለህ» ይበል? አይችልም። ስለዚህ «ትንሽ ችግር ሊኖር ይችላል» ይላል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ስንት አይቻለሁ። የእኔ ሥራ ግን ሐኪሙ ሞት ካለ ሞት ማለት ነው፣ አባትየውም በራሱ ጆሮ ሰምቶ እንዲመዝነው።

ከሞት ሌላም የሚሳቱ ቃላት አሉ። «ጥናት» ሲባል ትምህርት የመሰላቸው እናት አጋጥመውኛል፤ «በዚህ ዕድሜዬ ምን ልማር ነው?» አሉ። ስለዚህ «ሁለት ሕክምናዎችን አወዳድሮ የትኛው እንደሚሻል ማወቂያ» ብዬ ነው የማስረዳው። «ስትሮክ» ብሎ ማለፍም አይበቃም፤ አንጎል ውስጥ ደም ረግቶ ወይም ፈስሶ ግማሽ አካልን ሽባ ሊያደርግ የሚችል መሆኑ ይነገር። ዕጣን ግን አባቶቻችን ጥሩ አድርገው ያውቁታል።

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ» ብላችሁ አስመዝግቡ። ሙሉው ወረቀት ካልተተረጎመ ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ አጭር የስምምነት ቅጽ አለ፤ ዝርዝሩ በቃል እየተተረጎመ፣ ምስክር ባለበት ይፈረማል። አባትሽ የሰሙትን መልሰው በራሳቸው አባባል ይንገሩ። መልሰው መናገር ካልቻሉ ገና አልገባቸውም ማለት ነው፤ ያን ቀን አይፈርሙ።

የወሎዋ

ያነበብኩትን ለወንድሜ አሳየሁት። ዝም ብሎ ቆየና «ስለ ሞትና ስለ ስትሮክ ያለውን ዘለልኩት» አለኝ። አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረውም ለካ። እኔም ብሆን የማደርገው ያንኑ ነበር።

አስተርጓሚ አስጠርተን እንደገና ቀጠሮ ይዣለሁ።

የሎንዶኗ

ለቀጠሮው አንድ ነገር ልጨምር። አባትሽ ይጾማሉ? የእኔ አባት በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲቆይ የሽንት ክኒኑን ጠዋት አይወስድም ነበር፤ ለሐኪሞቹ አልተናገረም፣ እነሱ ደግሞ እግሩ ለምን እንደሚያብጥ ግራ ገብቷቸው መድኃኒት ይጨምራሉ። የሚወስደውን ሁሉ ይዘሽ ሂጂ፤ ነጭ ሽንኩርቱንም፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይቱንም፣ ከአገር የመጣውን ሥር ቢሆን። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የወሎዋ

ተመልሼ መጣሁ። ባለፈው ሳምንት ሄድን፤ ሁለት ሰዓት ፈጀ። አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች፤ እንደ እናንተ ጎበዝ። ሞትንም ስትሮክንም ስትናገር የአባዬን ፊት ማየት አቅቶኝ ነበር። እሱ ግን አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ፤ «ይህማ ይጠበቃል፣ ልብ ነው» አለ። መልሰህ ንገረን ሲሉት ከእኔ አብልጦ ተናገረው።

ራሱም ሦስት ጥያቄ ጠየቀ። ዕጣው ክሊፕ ቢያወጣልኝ በኋላ ቫልቩን ማግኘት እችላለሁ? ሐኪሙ፣ ክሊፑ ከገባ በኋላ ቫልቩን ማስገባት እንደሚከብድ ነገሩት። ጥናቱን ብተው አንተ ታክመኛለህ? «አዎ፣ ያለ ጥናቱም ክሊፑን ላደርግልህ እችላለሁ» አሉ፤ ይህን እስከ ዛሬ ማናችንም አልሰማንም ነበር። ሦስተኛው፣ አዲሱ ቫልቭ ስንት ዓመት ይቆያል? «አናውቅም፤ ጥናቱ የሚሠራው አንዱ ለዚህ ነው» አሉት።

አባዬ የሳምንት ጊዜ ጠየቀ፣ የንስሐ አባቱንም አማከረ። ዛሬ ጠዋት «ልፈርም» አለ። ወንድሜን ጠርቶ «ሁለተኛ ከእኔ የምትደብቀው ነገር እንዳይኖር» አለውና ሳመው።

ሲስተር መ.

እግዚአብሔር ይርዳችሁ። አንድ ነገር ብቻ ተዘጋጁበት፤ ፈረመ ማለት ገባ ማለት አይደለም። አሁን በሲቲ ስካን ልቡን ይለካሉ። አዲሱ ቫልቭ ከልብ የሚወጣውን ደም መንገድ የሚዘጋበት ሆኖ ከተገኘ አይቀበሉትም፤ በዚህ ምክንያት የሚመለሱ ብዙ ናቸው። አባትሽ እንደ ተጣለ እንዳይሰማው አስቀድመሽ ንገሪው። ኩላሊቱስ እንዴት ነው? ለሲቲው በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ኩላሊትን ሊያስቸግር ስለሚችል የደም ምርመራው ውጤት ቀድሞ ይታይ።

የወሎዋ

ኩላሊቱ ደከም ያለ ነው ብለውን ነበር፤ አሁኑኑ ደውዬ እነግራቸዋለሁ። ሲቲው ሐሙስ ጠዋት ነው። አስተርጓሚ በአካል እንዲመጣ ጠይቄያለሁ፣ ወንድሜም አብሮን ይሄዳል፤ በዚህኛው ቀን ግን ልጅ ሆኖ ብቻ።