ርካሽ የሃይድሮሊክ መሪ ለድንጋይና ለጭቃ መኪና፦ ይሠራል ወይ? አስፋልት ላይስ ይፈቀዳል?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል ያለው ፎር ዊል ነው፤ 37 ኢንች ጎማ ተገጥሞለታል። ድንጋይ መሃል ቆሞ ሲጠመዘዝ የመሪ ሳጥኑ አይችለውም፤ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግም ይጎብጣል። በእጄ ያሉት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦ ከፎርክሊፍት የወጣ 160 ሲሲ ኦርቢትሮል (መሪው ሲዞር ዘይት ወደ ሲሊንደር የሚልክ ቫልቭ፤ በአንድ ዙር 160 ሲሲ)፣ ከሎደር የወጣ በአንድ በኩል ብቻ ዘንግ ያለው ሲሊንደር (ውስጡ 63፣ ዘንጉ 32፣ ጉዞው 200 ሚሊ ሜትር)፣ እና የመኪናው የራሱ የመሪ ፖምፓ (በደቂቃ 8 ሊትር፣ 100 ባር)። የመሪ ሳጥኑን አውጥቼ በዘይት ብቻ ለማዞር አስቤያለሁ። መኪናው ወደ ቦታው የሚሄደው በአስፋልት፣ በራሱ ጎማ ነው። ዕቃዎቹ ይስማማሉ? በሕግስ ያስኬዳል?

ባለ ሃይድሮሊክ
መዞሩን ይዞራል፤ ችግሩ ሲሊንደሩ ላይ ነው። ዘንግ በሌለበት በኩል ዘይቱ የሚገፋው ስፋት 31.2 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ዘንግ ባለበት በኩል ግን 23.1 ነው። ስለዚህ ወደ አንዱ አቅጣጫ 3.9 ዙር፣ ወደ ሌላው 2.9 ዙር ታዞራለህ። መንዳት ከባድ ይሆናል። በሁለቱም በኩል ዘንግ ያለው እኩል ሲሊንደር ከሆነ ግን ከዳር እስከ ዳር 463 ሲሲ ይፈልጋል፤ 463 ለ160 ሲካፈል 2.9 ዙር፣ በሁለቱም አቅጣጫ ያው።

ፖምፓውን ደግሞ አስላው። 8 ሊትር በደቂቃ ለ160 ሲሲ ሲካፈል 50 ዙር በደቂቃ ነው። ከዚያ ፈጥነህ ስታዞር መሪው በድንገት ይከብዳል። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ፍሰቱ ስለሚቀንስ ደግሞ ይብሳል፤ ድንጋይ ላይ የምትፈልገው ያኔ ነው።

ኦርቢትሮሉን ከመግጠምህ በፊት ወደቦቹን ተመልከት። ፒ፣ ቲ፣ ኤል፣ አር (ከፖምፓ መግቢያ፣ ወደ ታንክ መመለሻ፣ ግራ፣ ቀኝ) የሚሉ አራት ብቻ ከሆኑና ዓይነቱ መሃሉ ክፍት (መሪው ሳይዞር ዘይቱን በነፃ ወደ ታንክ የሚመልስ) ከሆነ ለመኪና ፖምፓ ይሆናል። ኤል ኤስ የሚል አምስተኛ ቀዳዳ ካለው ግን የቅድሚያ ቫልቭ (ዘይቱን መጀመሪያ ለመሪው የሚሰጥ) ይፈልጋል፤ ፎርክሊፍት ላይ ይህ የተለመደ ነው። ያለዚያ ቫልቭ ብትገጥመው በትክክል አይሠራልህም፤ ሰው ደግሞ ፖምፓው ሞተ ብሎ ፖምፓ ይቀይራል።

የተሽከርካሪ መርማሪ
ሕጉ በየአገሩ ይለያያል፤ ብዙ አገሮች የሚከተሉት ግን የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 79 ነው። ለመንገደኛ መኪና የሚለው እንዲህ ነው፦ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሄደ በ4 ሰከንድ ውስጥ 12 ሜትር ራዲየስ ወዳለው መዞሪያ መግባት አለበት፤ መሪው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ150 ኒውተን አይበልጥም። የኃይል እገዛው ሲበላሽ ራዲየሱ 20 ሜትር፣ የእጁ ኃይል ደግሞ እስከ 300 ኒውተን ይፈቀዳል። ማለትም ፖምፓው ቢሞትም መኪናው በእጅ መዞር አለበት።

የአንተን እንየው። ሞተሩ ሲጠፋ ኦርቢትሮሉ ራሱ የእጅ ፖምፓ ይሆናል። ጎማው እየተንከባለለ ለማዞር 30 ባር ቢያስፈልግ፣ በ160 ሲሲ መሪው ላይ 76 ኒውተን ሜትር ይመጣል። መሪው 38 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው እጅህ 400 ኒውተን ሊገፋ ነው፤ ከገደቡ በላይ። 100 ሲሲ ቢሆን ወደ 250 ይወርዳል፤ ግን በእኩሉ ሲሊንደር 4.6 ዙር ይሆንብሃል።

ጠያቂ
በባትሪ የሚሠራ የመጠባበቂያ ፖምፓ ብጨምርስ?

የተሽከርካሪ መርማሪ
መጠባበቂያ ፖምፓ የሚያድነው ዋናው ፖምፓ ወይም ቀበቶው ሲበላሽ ነው። ከኦርቢትሮሉ ወደ ሲሊንደሩ የሚሄደው ቱቦ ሲፈነዳ ግን የትኛውም ፖምፓ አይረዳም፤ ዘይቱ መሬት ላይ ይፈስና መሪው በባዶ ይሽከረከራል። መሪውንና ጎማውን የሚያገናኝ ብረት የለምና። ከዚህም ሌላ ኦርቢትሮል በውስጡ ትንሽ ዘይት ስለሚያሳልፍ የመሪው ቀጥታ ቦታ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይዞራል፤ በፍጥነት ሲነዳ ይህ ያደናግራል። አስፋልት ላይ የሚወጣ ከሆነ ሳጥኑን አታውጣው።

የመሪ ሳጥን ሠሪ
እስማማለሁ። ሳጥኑ ይቆይ፣ ሲሊንደር አጋዥ ይሁን። በዚህ አሠራር አንድ ዘንግ ያለው ሲሊንደር ምንም አይጎዳም፤ የጎማውን ቦታ የሚወስነው ሳጥኑ ነው፣ ሲሊንደሩ ኃይል ብቻ ይጨምራል። 63ቱ ግን ትልቅ ነው። ከዳር እስከ ዳር 623 ሲሲ ስለሚጠጣ በ8 ሊትር ፖምፓ ለብቻው 4.7 ሰከንድ ይወስዳል። ውስጡ 40፣ ዘንጉ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ፈልግ፦ 251 ሲሲ፣ 1.9 ሰከንድ ገደማ፤ በ100 ባር ሲገፋ 12.6፣ ሲስብ 9.4 ኪሎ ኒውተን። ለ37 ጎማ ይበቃል።

ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ ፍታው። በሳጥኑ ውስጥ ካለው ፒስተን ፊትና ኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች ላይ፣ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ የሚወስድ አንድ አንድ ቀዳዳ ትበሳለህ፤ ግድግዳው ወፍራም በሆነበት፣ የፒስተኑ ማኅተም ግን በማያልፍበት ቦታ። ማኅተሙ የቀዳዳውን ጠርዝ ካገኘ በአጭር ጊዜ ይቆረጣል። የቱቦ ማያያዣው ጥርስ ቀጥ ያለ፣ የሚታተመው በጎማ ቀለበት ይሁን፤ ሾጣጣ ጥርስ ሲጠብቅ ብረቱን ይሰነጥቃል። ከዚያ ሳጥኑን እጠበው፣ በአየር ንፋው፣ ደግመህ እጠበው። ይህን ሥራ የሚያበላሸው ከሁሉ በላይ አንዲት የቀረች የብረት ፍቅፋቂ ናት፤ ቫልቩን ትቧጥጣለች፣ መሪው ወደ አንድ በኩል መሳብ ይጀምራል።

ሲሊንደሩን ሁለቱን ጎማዎች ከሚያገናኘው ዘንግ ጋር በተቻለ መጠን አስተካክለህ አጋድመው። በ30 ዲግሪ ቢያዘነብል 13 በመቶ ኃይል ይባክናል። በዚህ ዘንግ ላይ የሚታሰረው ወደ ጎማው ተጠግቶ ነው፤ መሃል ላይ ከታሰረ ያጎብጠዋል። ይህንኑ የጎማ ዘንግ 32 ሚሊ ሜትር ውጭ፣ 6 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ባለው ስፌት አልባ ቱቦ ቀይረው። ጎማው ዳር ሲደርስ የሚያቆመው የአክስሉ ማቆሚያ ብሎን መሆን አለበት፤ ሲሊንደሩ በየበኩሉ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይቅርለት።

ባለ ሃይድሮሊክ
ቱቦው የሽቦ ማጠናከሪያ ያለው የሃይድሮሊክ ቱቦ ይሁን፤ የነዳጅ ቱቦ በ100 ባር ይፈነዳል። ጄ አይ ሲና ቢ ኤስ ፒ የሚባሉት የቱቦ ማያያዣ ጥርሶች ይመሳሰላሉ፣ አይገጥሙም፤ አስገድዶ ማጥበቅና ቴፕ መጠቅለል መፍትሔ አይደለም። መመለሻው መስመር ላይ ማቀዝቀዣና 10 ማይክሮን ማጣሪያ ጨምር።

መጀመሪያ ስትሞክረው ጎማዎቹን ከመሬት አንሳ። ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን ከዳር እስከ ዳር 20 ጊዜ በዝግታ አዙር፣ ዘይት ሙላ፣ ከዚያ አስነሳ። መሪው እንደ ድንጋይ ከደረቀ ሁለቱ ቱቦዎች ተገልብጠው ሲሊንደሩ ሳጥኑን እየታገለው ነው፤ አቀያይራቸው። ዘይቱ አረፋ ከሠራ አየሩ የሚገባው በፖምፓው መምጠጫ በኩል ነው።

የተሽከርካሪ መርማሪ
ለምርመራ ስትቀርብ ሁለት ነገር አስብ። በብየዳ የተቀጠለ የመሪ ዘንግ ወይም ክንድ ብዙ ቦታ ይጥልሃል፤ ጫፎቹ በጥርስ ይገጠሙ። ለውጡንም ከመሥራትህ በፊት ለሚመዘግበው አካልና ለኢንሹራንስህ በጽሑፍ አሳውቅ። ሞተሩን አጥፍተህ በተከለለ ቦታ በእጅ መዞሩን ራስህ ለካ፤ መሪው ጠርዝ ላይ የዓሣ ሚዛን አስረህ ስትስበው 30 ኪሎ ካለፈ ገና አልጨረስክም።

ጠያቂ
ገባኝ። ሳጥኑ ይቆያል፤ 63ቱን በ40 ቀይሬ፣ ከመብሳቴ በፊት የሳጥኑን ፎቶ እልካለሁ።

የመሪ ሳጥን ሠሪ
ፒስተኑ ሁለቱም ዳር ላይ ሆኖ፣ ሁለት ፎቶ ላክ። ቀዳዳው የት እንደሚያርፍ የሚታየው ያኔ ነው።