የግቢው ኮንክሪት፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ሰላም ጎረቤቶች። የመኪና ማቆሚያውን ንጣፍ ጉዳይ ዛሬ እዚሁ እንጨርስ። 40 በ12 ሜትር፣ ውፍረቱ 12 ሳንቲም ነው። ገንዘብ ያዣችን ለጆይንት (በንጣፉ ላይ ለሚተወው ክፍተት) የተያዘው ሂሳብ ይውጣ ብለዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ክፍተት ለመተው ደግሞ ይከፈላል እንዴ? በዚያ ብር ፌሮ ይጨመር፤ አይሰነጠቅም።

ብሎክ 2 (መሐንዲስ)፦ ጋሼ፣ ፌሮ ስንጥቁን ቀጭን አድርጎ ይይዘዋል እንጂ አያስቀረውም። ኮንክሪት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲሞቅ ይለጠጣል። ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር 40 ሜትሩ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። መሄጃ ካጣ ግድግዳና ኮለን (ምሰሶ) ነው የሚገፋው።

የእኛ ሰፈር ዋናው ጣጣ ግን መረሬው፣ ጥቁሩ የሸክላ አፈር ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል። ሕንፃው በራሱ መሠረት ቆሟል፤ ንጣፉ ከአፈሩ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ሁለቱን ካጣበቅናቸው የሚሰበር አይጠፋም።

ስለዚህ ንጣፉ ግድግዳ፣ ኮለንና ማንሆል በሚነካበት ሁሉ ከላይ እስከ ታች የ12 ሚሊ ፎም ይግባ። ፌሮ አያልፍበትም። መሃሉ ደግሞ ስንጥቁ መስመሩን ተከትሎ እንዲወጣ ቢበዛ በየ3 ሜትሩ በመቁረጫ ማሽን ይቆረጥ፤ ጥልቀቱ 3 ሳንቲም፣ በተሞላበት ቀን ወይም በማግስቱ ጠዋት። ከቆየን ኮንክሪቱ ራሱ ይቆርጠዋል፤ እሱ ደግሞ ማስመሪያ አይጠቀምም።

ብሎክ 1፦ እስከዚያ መኪናችንን የት እናቁም?

ጸሐፊ፦ ቆይ፣ እሱ ቀጣዩ ነጥብ ነው።

ብሎክ 5፦ እኔን የሚያሳስበኝ ዝናቡ ነው። በክፍተቱ ውሃ ከገባ ያንኑ መረሬ አጠጣነው ማለት አይደል?

ብሎክ 2 (መሐንዲስ)፦ ልክ ነሽ፣ ይህም ይጻፍ። ፎሙ ከላይ ትንሽ ዝቅ ብሎ በሚለጠጥ ማሸጊያ ይዘጋል። በሲሚንቶ አይደፈንም፤ ከደረቀ በኋላ ጆይንት የለም ማለት ነው። ንጣፉም ከሕንፃው ወደ ውጭ ተዳፋት ይኑረው። ማሸጊያው ዕድሜ አለው፣ ለእድሳት ከወዲሁ እናስብበት።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ፣ ሂሳቡ ይቆይ። ግን በጥቅል ዋጋ ውስጥ አይደበቅ። በሜትር ለብቻው ይጻፍ፣ ሳይለካም አይከፈል። ኮንትራክተሩ ከዘለለው ከሞላ በኋላ ማን ያየዋል?

ብሎክ 5፦ እደግፋለሁ። ፎቶም ይነሳ።

ጸሐፊ፦ እንዲህ አድርጌ አስገብቼዋለሁ፦ «ፎሙ ቦታው ላይ ቆሞ የኮሚቴው ተወካይ ሳያየው ኮንክሪት አይሞላም። የጆይንት ሥራ በሜትር ለብቻው ተለክቶ ይከፈላል።» ብሎክ 3 እና 4፣ እስከ ማታ ሐሳብ ካላችሁ ጻፉ። አሁን ወደ መኪናው ጉዳይ።